የዘጠኝ ድምፅ ካርድ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ላፕቶፔ ዲዳ ሆነ። ሁሉ ነገር ይሠራል፣ ድምፅ ብቻ የለም። የቀዳኋቸው ቃለ መጠይቆች በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው... አሁን ለመጽሔቱ ዓምዴ ምን ሰምቼ ልጽፍ ነው?

መናኸሪያው ጀርባ፣ ሆሴዕ ጋ ወሰድኩት። ሌላ ማን አለኝ። ድሮ ኳየር አብረን ነበርን፤ እሱ ኪቦርድ፣ እኔ ወፍራሙ የሴት ድምፅ፣ አልቶ። ደጅ ረዳቶቹ «ዱራሜ! አዲሎ! የሞላ!» እያሉ ይጮሃሉ። እሱ ምንም አይሰማውም፤ ብየዳው ላይ አጎንብሷል።

«ሊዱ! አንቺ ራስሽ ዝም ብለሽ አታውቂ፣ ኮምፒውተርሽ እንዴት ዝም አለ?»

«ከኔ ጋ መኖር ደክሞት ነዋ።»

እሱ ሲፈታታ እኔ ጥጉ ላይ ዓይኔ አረፈ። ነጭ የነበረ፣ አሁን ቢጫ የሆነ ኮምፒውተር። ሞኒተሩ እንደ ሣጥን። የድሮው ማሠልጠኛ ውስጥ ታይፕ የተማርንበት!

«ይሄ ነገር አሁንም አለ?»

«አለ ብቻ? ይሠራል እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ላፕቶፔን ረሳው። ድሮ ኮምፒውተር ዲዳ ሆኖ ነበር የሚወለደው አለኝ፤ ጢጥ ከማለት በቀር ምንም። ድምፅ ከፈለግሽ ሳውንድ ካርድ ትሰኪለታለሽ። ከፍቶ አሳየኝ። መዳፍ የምታክል አረንጓዴ ሰሌዳ፤ ላይዋ ላይ ጥፍር የምታክል ጥቁር ነገር አለች። እሷ ናት አሉ ዘፋኟ። የክራር ድምፅ፣ የዋሽንት ድምፅ የሚባል ተቀድቶ አልተቀመጠባትም፤ አንዱን ሞገድ በሌላው እያናወጠች ከምንም ትሠራዋለች። ይሄን ሲናገር እጁን እንደ ውኃ ያወዛውዛል። ሰውየው አርባ አምስት ዓመቱ ነው። ፊቱ ግን የአሥራ አራት።

«ስንት ድምፅ ባንዴ ትችላለች?»

«ዘጠኝ።»

«አሥረኛ ቢመጣስ?»

«አንዱን ዝም ታሰኛለች። ጥሩ ጆሮ ካለሽ የትኛው እንደጠፋ ትሰሚያለሽ።»

ጌም ከፈተልኝ። ኮሪደር ለኮሪደር እየሮጡ ጭራቅ የሚተኮስበት። ሙዚቃው ዱን ዱን ዱን ዳ፣ ዱን ዱን ዱን ዲ... መሀል ላይ ክራር መሳይ ነገር ገባ። ቀጥ አልኩ።

«ሆሴ! ይሄ ቢ አንድ ነው!»

የኳየራችን አራተኛ ካሴት፣ ጎን ቢ፣ የመጀመሪያው መዝሙር። እውነተኛ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ከሆሳዕና እስከ አንጋጫ ሁሉም ቢ አንድ ነው የሚለው። በሠርግ፣ በምረቃ፣ በለቅሶ... መግቢያው ሲጀምር ሰው ከወንበሩ ይነሣል።

ሳቀ። «ድምፁ ነው። ድምፁን ከዚህ ጌም ነው የወሰድኩት። የቤተ ክርስቲያኑ ኪቦርድ ተበላሽቶ፣ የቀረጻው ቀን ደርሶ... ምን ላድርግ?» ደግሞ ጨመረ፤ «ዜማውማ የቤት ነው።»

የቤት ሲል ምን ማለቱ ይሆን? አልጠየቅኩም። ጽሑፉ በጭንቅላቴ መሮጥ ጀምሮ ነበር። ጉባኤ ሁሉ እጁን ዘርግቶ የሚያለቅስበት መዝሙር... የጭራቅ ጌም! ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?

«አትጽፊውም አይደል?» አለኝ ስወጣ። እየሳቀ ነበር። እኔም ሳቅኩ።

ሳቅ መልስ ነው?


የካቲት 5

ጻፍኩት፣ ባንድ ቁጭታ። ስም አልጠራሁም። «መናኸሪያው ጀርባ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወዳጄ» ብቻ ነው ያልኩት። መጀመሪያ «ድምፁን ከጌም ወስዶ» ብዬ ነበር፤ አላማረኝም። «መዝሙሩን ከጌም ገልብጦ» ይጥማል። ያው ነው።

አዘጋጄ ኃይለመለኮት ወዲያው መለሰ፤ «ሊዲያ ገደልሽን!» ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ደርድሯል።


የካቲት 21፣ ዓርብ

ወጣ። መጽሔቱ መናኸሪያ ሳይደርስ በቴሌግራም ደረሰ። ስልኬ ማረፍ አልቻለም። ከዱራሜ አንዲት አስተማሪ «ሆዴን ይዤ ሳቅኩ» ብላ ጽፋልኛለች። ‹በአጥር ቀዳዳ› የሚለው ዓምዴ በአሥራ አራት ዓመቱ እንዲህ ተነቦ አያውቅም።

ውኃ ልገዛ ሃቢባ ጋ ገባሁ። ሱቋ ከቤተ ክርስቲያናችን በር ፊት ለፊት ነው። እሷ ሙስሊም ናት፣ ግን የአጥቢያችንን ጉዳይ ከሽማግሌዎቹ ቀድማ ታውቃለች። ከስብሰባ የወጣ ሁሉ የሚጠጣው እሷ ጋ ነዋ። ስልኳን ይዛ ጮክ ብላ ታነበዋለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጭራቁን መድረክ ላይ አወጣሽው!»

«ቀልድ ነው እኮ።»

«ጠጋኙ ሆሴዕ ነው አይደል?»

«ስም አልጠራሁም።»

«መናኸሪያ ጀርባ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ደግሞ ኪቦርድ የሚጫወት... ስንት አለን? አሥራ ሁለት?»

ውኃውን ሳልይዝ ወጣሁ።


የካቲት 25፣ ማክሰኞ

እሑድ ጵርስቅላ አልሳመችኝም። የሆሴዕ ሚስት፣ እሷም የካሴቱ ኳየር ውስጥ የነበረች። ስታገኘኝ ጉንጬን ሳትጨርስ የማትለቀኝ ሴት፣ በሌላው በር ወጣች። አላየችኝም ይሆናል ብዬ ነበር።

ዛሬ ገባኝ። አንድ የወጣቶች መሪ ጽሑፌን አሳትሞ ለሽማግሌዎች ቢሮ አስገብቷል። «ሃያ ዓመት ሙሉ በጌታ ቤት ያዜምነው የአጋንንት ዜማ ነው ወይ?» ነው ጥያቄው። ነገሩ እስኪጣራ ሆሴዕ ኪቦርድ አይነካም። ቢ አንድም ከኢዮቤልዩው ፕሮግራም ወጥቷል።

ኢዮቤልዩው... ሚያዝያ 19። የአጥቢያችን ሃምሳኛ ዓመት። የካሴቱ ኳየር ተሰብስቦ ቢ አንድን ሊዘምር ነበር። የሞቱት፣ ከአገር የወጡት ሲቀነሱ አሥር ቀርተናል። ሆሴዕ ከገና ጀምሮ ለዚያ ቀን ነው የሚለማመደው።

ከገና ጀምሮ። አውቅ ነበር። ስጽፍ አውቅ ነበር።


የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ሃቢባ ሁሉን ነገረችኝ። ትናንት ሆሴዕ ያን ቢጫ ኮምፒውተር በባጃጅ ጭኖ መጣ፤ ሽማግሌዎቹ «ጌሙን አሰማን» ብለውት። አሰማቸው። ክራር መሳዩ ድምፅ ሲገባ ሰብሳቢው አቶ አበራ ጠረጴዛውን መቱት አሉ።

«ይኸው! ራሱ ነው! ልጆቼን የዳርኩበት!»

«ድምፁ ነው አንድ የሆነው፣ ዜማው ሌላ ነው» ብሏቸዋል። ማን ይስማው። እኔስ ያን ቀን «ቢ አንድ ነው!» ብዬ ጮኬ የለ? አልቶ የዘመርኩት ሴትዮ! የሰውየውን ኮት ሌላ ሰው ለብሶት ሲያልፍ ሰውየውን ራሱን ያየን መሰለን።

«ታዲያ ዜማውን ከየት አመጣኸው?» ሲሉት ግን ዝም። ሦስት ጊዜ ጠየቁት አሉ። ሦስቴም ዝም።

«ዝም ያለው ለምን ይመስልሻል?» አለችኝ ሃቢባ።

«አላውቅም።»

«ኧረ? አንቺ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅ ነው?»

ዝምታውን ጥፋተኝነት ብለው ወስደውበታል። ኮምፒውተሩ የቤተ ክርስቲያኑ መጋዘን ገብቶ ተቆልፎበታል። ሆሴዕ ባዶውን በእግሩ ተመለሰ።


መጋቢት 1

ምንም መጻፍ አልቻልኩም።


መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ላፕቶፔን ላመጣ ሄድኩ። መናኸሪያው በር ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ረዳቶቹ ተሳፋሪ መስያቸው «አዲስ አበባ ነሽ?» ይሉኛል። ምነው በሆንኩ።

«ሆሴ...»

«ተሠርቷል» አለኝ። ለሙከራ ብሎ አንዱን ቃለ መጠይቅ ከፈተው። የራሴ ሳቅ ሱቁን ሞላው። ቶሎ አጠፋው።

«ስም እኮ አልጠራሁም» አልኩ። ስንት ቀን አስቤ አስቤ፣ አፌን ስከፍት የወጣው ይሄ ነው።

«አውቃለሁ፣ አንብቤዋለሁ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ጵርስቅላም ስቃ ነበር... መጀመሪያ።»

ምነው በሰደበኝ።

ጥጉ ላይ ኮምፒውተሩ የነበረበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ ንጹሕ ነው። ዙሪያው አቧራ።

«ዜማው ከየት እንደሆነ ለምን አትነግራቸውም?»

ብየዳውን አነሣ። «የቻርጀርሽ ጫፍ ላልቷል። ቀስ ብለሽ ሰኪው።»


መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩት። የካቲት 3። በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው፤ «ድምፁ ነው» ብሎኛል። «ዜማውማ የቤት ነው» ብሎኛል። ሰምቻለሁ፣ ጽፌዋለሁም። የካቲት 5 ላይ «ያው ነው» ብዬ አለፍኩ።

ያው አልነበረም።

እስከ ዛሬ ለራሴ ምን ስል ከረምኩ? ራሱ ነው የነገረኝ። ሰው ቀልድ አይገባውም። ሽማግሌዎቹ ናቸው ያከረሩት... አይደለም። እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ስለጣመችኝ ነው።

ስንቱን እንዲህ አድርጌው ይሆን? የአዲሎዋ ባለ ሻይ ቤት ትዝ አለችኝ። ባሏ ትቷት መሄዱን ጻፍኩ። ስም ሳልጠራ። በሌላ ጊዜ ሳልፍ ሻይ ቤቱ ተዘግቷል። «ቦታ ቀይራ ይሆናል» አልኩና መንገዴን ቀጠልኩ። ወርጄ እንኳ አልጠየቅኩም።


መጋቢት 9

ሃቢባ ከሱቋ ጠራችኝ። እንዳልሰማ አለፍኩ። ከነገ ጀምሮ በላይኛው መንገድ እሄዳለሁ።


መጋቢት 14፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ ሆሴዕ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ። ወይስ ለራሴ ቀለል እንዲለኝ? ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ከእንሰቱ ሥር እናቱ፣ እማማ ትርፊት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥባሉ። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ያዜማሉ። ቃል የለውም፣ ም... ም... ብቻ። እጃቸው ዜማውን ይከተላል።

የቢ አንድ መግቢያ ነበር።

አንድም ሳይጎድል። ግን ዘገም ያለ። ደግሞ ካሴቱ ላይ የሌለ መጨረሻ አለው፤ ካሴቱ የሚያቆምበት ላይ ሳያቆም ወደ ታች ይወርድና ተመልሶ ቀና ይላል...

ቅጠል ረገጥኩ መሰለኝ፣ ዞሩ። ዜማው ቀጥ አለ።

«ማነው? ሊዲያ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«አይ ልጄ... የድሮ ነው። ትቼው ነበር እኮ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የሰማንያ ዓመት ሴት፤ እንደ ሌባ ደነገጡ።

ጵርስቅላ ከቤት ወጣች። ክንዴን ጨምድዳ ወደ አጥሩ ወሰደችኝ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲህ ሂጂና ጻፊው።»

ከዚያ እሷው ነገረችኝ፣ በንዴት፣ ድምፅዋን አፍና። ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ የሚያዜሙት ነው። እማማ ጌታን ሲቀበሉ ጊዜው ሌላ ነበር፤ የድሮ ዜማ ሁሉ ከድሮው አምልኮ ጋር አብሮ ይተዋል። እሳቸውም በጉባኤ ፊት ቆመው «ተውኩት» ብለው ቃል ሰጡ። በ1995 በጠና ታመሙ። ትኩሳቱ ሲያቃዣቸው ያን ዜማ ማዜም ጀመሩ። እቤት ቴፕ የለ፣ ሞባይል የለ። ሆሴዕ ከአልጋቸው አጠገብ አንድ ሐረግ ይሰማል፣ እንዳይረሳው እያንጎራጎረ እስከ ማሠልጠኛው ይሮጣል፣ በዚያ ኮምፒውተር ይጽፈዋል፣ ደግሞ ለሌላው ሐረግ ይመለሳል... ይሞታሉ ብሎ ነዋ። ከሳቸው ጋር እንዳይጠፋ። እሳቸው ዳኑ። በዓመቱ ኳየሩ ለካሴቱ መግቢያ ሲፈልግ በእጁ የነበረው እሱ ነው።

«ታዲያ ይሄን ለሽማግሌዎች ቢነግራቸው...»

«ቢነግራቸው እሳቸውን አይደል የሚጠሩት? በዱላ ተደግፈው ቢሮ ገብተው ‹ቃልሽን አፈረስሽ ወይ?› ሊባሉ? አጥቢያውን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው፤ በኢዮቤልዩው ካባ ሊለብሱ ነው። እሱ ይታገድ! እሳቸው ግን...» አልጨረሰችውም። «አንቺን ደግሞ ዛሬ ምን አመጣሽ?»

እማማ ትርፊት ከኋላችን «ሊዲያን ምሳ አብሏት እንጂ» ይላሉ።

ምሳ! ለኔ!


መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ኃይለመለኮት ደወለ። ክፍል ሁለት ይፈልጋል። መዝሙሩ መታገዱን ሰምቷል።

«ወርቅ እኮ ነው ሊዲያ! ሽማግሌዎች፣ ጭራቅ፣ ክስ...»

«የምልክልህ ማስተካከያ ነው።»

«ቀልድ ይስተካከላል እንዴ?»

«ውሸት ነበር። ዜማው ከጌም አይደለም።»

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ አውቀዋለሁ ያን ድምፅ፣ የኔም እንደዚያ ይሆናል ነገር ሲሸተኝ። «ታዲያ የማን ነው?»

ምላሴ ላይ ነበረ። እንዴት ያለ ታሪክ ነው! ትኩሳት፣ ሩጫ፣ ሐረግ በሐረግ... የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ራሱ ተስተካክሎ መጥቶ ነበር። ስም ሳልጠራ እጽፈዋለሁ እኮ። «አንዲት እናት» እላለሁ...

ስም ሳልጠራ።

«አላውቅም» አልኩት። ከዋሸሁት ሁሉ በዚህኛው ብቻ አላፈርኩም።


መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ራሴ ጠይቄ ሽማግሌዎች ፊት ቀረብኩ። ይህን ደብተር ማስረጃ ብዬ ቦርሳዬ ከትቼው ነበር። «ዜማውማ የቤት ነው» የሚለው መስመር ትዝ ሲለኝ መልሼ አስቀመጥኩት።

አምስት ናቸው። እንዲህ በአንድ ወገን ተደርድረው አይቻቸው አላውቅም።

«እንስማሽ፣ እህት ሊዲያ» አሉ አቶ አበራ።

«ዋሽቻለሁ። ሆሴዕ ድምፁን ከጌሙ ወሰድኩ እንጂ ዜማውን ወሰድኩ አላለኝም። እያወቅኩ ነው የለወጥኩት። እንዲያስቅ።»

«በገዛ ጆሯችን ሰምተናል እኮ ልጄ። ያው ነው።»

«ጌሙን በአፌ ላዚምልዎት። ያለ ማሽን።»

ተያዩ። ማንም አታዚሚ ስላላለኝ ቆምኩ። የአርባ ሁለት ዓመት ሴት፣ በሽማግሌዎች ቢሮ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ዱን ዱን ዱን ዳ፣ ዱን ዱን ዱን ዲ! እስከ መጨረሻው፣ ጭራቁ እስኪወድቅ። ዳር ያሉት ሽማግሌ ሳሉ። ሳል እንዳልነበረ ሁላችንም አውቀናል። ከዚያ የቢ አንድን መግቢያ አዜምኩ። ቀስ ብዬ። ም... ም...

ያ ክራር መሳይ ድምፅ ሲወልቅላቸው ሁለቱ አይተዋወቁም። ሕፃን ይለያቸዋል። ፊታቸው ላይ አየሁት።

«መልካም» አሉ ባለ ሳሉ። «ከጌሙ ካልሆነ ከየት ነው?»

«እሱን አልናገርም።»

«አታውቂም ወይስ አትናገሪም?»

«አውቃለሁ።»

«ይገርማል! ሳትጠየቂ ለአገር የምትናገሪ፣ ስትጠየቂ ዝም?»

ልክ ናቸው። ምን ይባላል። «በዚያው ምክንያት ነው» አልኩ።

«መደበቅም ጥፋት ነው፣ እህት ሊዲያ። በላይሽ ይጨመራል።»

«ይጨመር።»

አቶ አበራ እስከዚህ ድረስ ጠረጴዛውን ነበር የሚያዩት። «እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ዝቅ አድርገው አብረውኝ ማዜም ጀመሩ፣ ሳያስቡት መሰለኝ። ካሴቱ የሚያቆምበት ላይ እኔ አቆምኩ።

እሳቸው አላቆሙም። ወደ ታች ወረዱ፣ ተመልሰው ቀና አሉ... ያን ካሴቱ ላይ የሌለውን መጨረሻ። ብቻቸውን። ከዚያ ነቁ። ረጅም ጊዜ መስኮቱን አዩ። የሳቸውም እናት እንሰት ፍቀው ነው ያሳደጓቸው።

«ይበቃል» አሉ። «ከየት እንደመጣ ከእንግዲህ ማንም አይጠይቅም።»

ሆሴዕ ወደ ኪቦርዱ ይመለሳል። ቢ አንድ ወደ ፕሮግራሙ ይመለሳል። እኔ ወንድሜን በሐሰት በማማቴ ስድስት ወር ታገድኩ፤ የጌታ እራት የለም፣ መድረክ የለም። በሚያዝያ 19 አልዘምርም ማለት ነው።

ስወጣ ሃቢባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። በላይኛው መንገድ አልሄድኩም፤ በፊቷ አለፍኩ። ምንም አልጠየቀችኝም። ፊቴን አይታ ይሆናል።


መጋቢት 22፣ ሰኞ

ሆሴዕ መጣ። ግባ ብለው አልገባም፣ በሩ ላይ ቆመ።

«ጠየቁሽ አሉ።»

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

«አንቺ?»

«እኔ።»

ሊስቅ ነበር፣ መለሰው። «ይቅር በለኝ» አልኩት። «ስም አልጠራሁም» የሚል ጭራ ሳልቀጥልበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

መሬቱን አየ። «ጵርስቅላ ገና ናት። እኔም... ትንሽ ይቀረኛል ሊዱ። ልዋሽሽ አልፈልግም።»

«እሺ።»

«አልቶ አጣን እንግዲህ። ዘጠኝ ሆንን» ብሎ ሄደ።


ሚያዝያ 3

ማስተካከያዬ ወጣ። አራት መስመር፣ ከእንቆቅልሹ ሥር። ስልኬ ዝም እንዳለ ዋለ። ሆዷን ይዛ የሳቀችው የዱራሜዋ አስተማሪም አልጻፈችም። በቴሌግራም የፊተኛው አሁንም ይዞራል፤ ዛሬ ራሱ ከማላውቀው ሰው ደረሰኝ። «አንብቢው፣ ትስቂያለሽ» ይላል።

የአዲሎ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሻይ ቤቱ አሁንም ዝግ ነው። ዛሬ ግን ወርጄ ጠየቅኩ። ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ አላገኘሁም።


ሚያዝያ 19፣ እሑድ

የመጨረሻው ረድፍ፣ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሟል። መሥራቾቹ ከፊት ናቸው፤ እማማ ትርፊት በካባው ውስጥ አንሰው አንገታቸው ብቻ ይታያል።

ቢጫው ኮምፒውተር ከመጋዘን ወጥቷል። ሆሴዕ ሣጥኑን፣ አቶ አበራ ያን ከባድ ሞኒተር እቅፍ አድርገው፣ እያለከለኩ፣ ማንንም ሳያስነኩ መድረክ ላይ አወጡት። ልጆች ሳቁ። የድሮ ቴሌቪዥን መሰላቸው።

ኳየሩ ቆመ። ቆጠርኩ። ዘጠኝ።

መግቢያው ጀመረ። ያ ድምፅ፣ ከምንም የሚሠራው። ሰው ከወንበሩ ተነሣ። እማማ ትርፊት ሁልጊዜ ቢ አንድ ሲጀምር አንገታቸውን ይደፋሉ፤ የጸሎት ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ደፉ።

ካሴቱ የሚያቆምበት ላይ ደረሰ። አላቆመም። ሆሴዕ ቀሪውን ጽፎበታል። ወደ ታች ወረደ...

ከእማማ አጠገብ ያሉ አንዲት አሮጊት እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ወደ ታች ተንሸራተተ፣ እንደሚፍቁ። ከዚያ የሌላዋ እጅ። ከዚያ ከኋላቸው ያሉት። ማንም ማንንም አላየም። ም... ም... የሚል ነገር ከፊተኛው ረድፍ ተነሣ። ለካ ሁሉም ያውቁት ነበር። ስንቷ ናት ቃል ገብታ ሃምሳ ዓመት አፏን የያዘችው?

ዜማው ቀና ሲል የእማማ ትርፊትም አንገት ቀና አለ።

ከዚያ ዘጠኙ ገቡ። አልቶው ጎድሏል። ጥሩ ጆሮ ያለው ይሰማዋል። እኔ አፌ ውስጥ ነበር፣ በሙሉ፤ ከንፈሬን አልከፈትኩም። ጵርስቅላ ከመድረክ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ያየች መሰለኝ። ወደኔ ይሁን ወደ በሩ አላውቅም።

ሲያልቅ ሃቢባ ጋ ገባሁ። ሱቋ በሰው ተጨናንቋል፣ ሁሉም ስለ መግቢያው ያወራል። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ጠጋ አለችኝ።

«አሁንስ ንገሪኝ። እኔና አንቺ ነን። የማን ነው ዜማው?»

«ውኃ ስጪኝ» አልኳት።